መርዶ የመሰለን ጩኸት

መጋቢት 3 ቀን 2004፣ ሰኞ

ዛሬ ሥራ ጀመርኩ። የሁለት ወር ኮንትራት። ስሙ ረጅም ነው፦ "የከተማ አደጋ ምላሽ ማሻሻያ የነዋሪዎች ምስክርነት አሰባሳቢ"። በአጭሩ ቤት ለቤት እየዞርኩ ስለ እሳቱ ሰው እጠይቃለሁ፣ የሚሉትን እጽፋለሁ።

የመረጡኝ በጽሕፈቴ ነው። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ቢተው ማመልከቻዬን አገላብጦ አየና «ነሲባ፣ እጅሽ ያምራል። ዐረብ አገር ምን ስትሠሪ ነበር?» አለኝ። አሮጊት ሳነሣ ሳወርድ አልኩት። ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት… እውነቴን ነበር።

ቅጹ አሥራ ሁለት ጥያቄ አለው። ሰባተኛው እንዲህ ይላል፦ "የአደጋውን ጥሪ ሲሰሙ ምን አደረጉ?"

እሳቱ የተነሣው የካቲት 19 ንጋት ላይ ነው፣ እትዬ በዛች ቤት። ባለቤቷ ጋሽ አራጋው ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆኖ ሦስት ዓመት ከአልጋ አልወረደም። ኩራዝ ተደፍቶ አልጋው ሥር ያለው ጭድ ተያያዘ። እሷ ብቻዋን ልታነሣው አልቻለችም፣ ሰው ልትጠራ ወጣች። ሰው እስኪደርስ ጋሽ አራጋው እዚያው ቀረ።

ከተማችን መካነ ሰላም የእሳት አደጋ መኪና የለውም፣ ቧንቧውም ያን ሰሞን ደርቆ ነበር። ግን ሰው ነበር። ሰው ለምን ዘገየ? ከዞን የመጣው ደብዳቤ የሚጠይቀው ይኸን ነው።

የኔን ክፍልና የእትዬ በዛችን ግቢ የሚለየው አንድ የድንጋይ አጥር ነው። አቶ ቢተው ይኸን አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም።

እህቴ ጁማና ዛሬም ከጂዳ አልደወለችም። ከጥቅምት ጀምሮ… አምስት ወር ሞላ።

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ

አምስት ቤት አዳረስኩ። አንዷ «ዱቄት ልትሰጡን ነው?» አለችኝ። አንዱ ስሙን ለምን እንደምጽፍ ሲጠይቀኝ ቆየና ግብር ይሆናል ብሎ የወንድሙን ስም ነገረኝ። ሌላው በር ላይ ሳልደርስ «እኛ አንድ ለአምስት ተደራጅተናል፣ ጨርሰናል» አለ። ኧረ ስለ እሳቱ ነው ስለው «እሳቱማ ጠፋ» ብሎ ዘጋው።

ምን ይባላል? ጠፍቷል።

በመጨረሻ ኡምኩልሱም ጋ ገባሁ። ሦስት ቤት ወረድ ብላ ሱቅ ያላት። እሷ እንኳ ወግ ትወዳለች። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ፦

«ኡኡታውን ሰማሁ። መርዶ ነው አልሁ። በዚያ ሰዓት ሌላ ምን ይሆናል? መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው።»

«ከዚያስ ምን አደረጉ?»

«ጥቁሩን ሻሼን ፈለግሁ።»

«አገኙት?»

«ቆየ እንጅ አገኘሁት። ሣጥን ሥር ነበር።»

ጻፍኩት። ቅጹ ላይ ለጥቁር ሻሽ የሚሆን ቦታ የለም። "ሌላ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።

መጋቢት 6፣ ሐሙስ

አሥራ አራት ሰው ደረሰ። ሁሉም መርዶ ነው የመሰለው። ሁሉም።

ልብስ ሰፊው አብዱሰላም የለቅሶ ጃኬቱን ሲቦርሽ ነበር። ከሱ ጎን ያለችው ሴትዮ ልጆቿን ቁርስ አብልታ ወጣች፣ ለቅሶ ቤት ሄዳ መቼ እንደምትመለስ አታውቅማ። አንዱ ፊቱን ታጠበ። አንዱ አብሮት የሚገባ ሰው በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። አንዷ ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ ስትለብስ ጥለቱ ተገለበጠባትና አውልቃ እንደገና ለበሰች… ይኸንንም ነገረችኝ፣ አልደበቀችም።

ማንም ክፉ አልሠራም። የከበደኝ ይኸ ነው። ሁሉም የዘገየው ደግ ነገር ሲሠራ ነው።

ለምን መርዶ መሰላቸው? የእትዬ በዛች ልጅ አልታየች ጂዳ ናት። ዘንድሮ ደግሞ ከሰፈራችን ሁለት ሴቶች እዚያ ማዶ ሞቱ፣ አንዷ በኅዳር፣ አንዷ በጥር። ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎች በንጋት መጡ፣ ሁለቱንም ጊዜ እንዲህ ተጮኸ። ጆሯችን ለመደ።

ጢሱንስ አላያችሁም? ስል አብዱሰላም «በዚያ ሰዓት ጢስ ከየቤቱ ይወጣ የለም እንዴ?» አለኝ። ይወጣል።

መጋቢት 7፣ ዓርብ

ጁምዓ። አልሠራሁም። ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር አንድ ቃል አልተነጋገርኩም። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ… ሁለቱም የሎተሪ መልእክት።

መጋቢት 10፣ ሰኞ

ዛሬ ጋሽ ሙሐሲን። ቅሬ የምንለው የእድራችን ጠሪ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባውን እየነፋ ሰፈሩን ዞሮ ለቀብር የሚጠራው እሱ ነው፣ እስላም ሞተ ክርስቲያን። ሻይ አስቀረበ። ሰባተኛውን ጥያቄ ሳልጠይቀው መለሰልኝ።

«ጩኸቱን እንደ ሰማሁ ጥሩምባየን ይዤ ወጣሁ። 'የቅሬ ሰው ስማ፣ በዛች ቤት ለቅሶ ነው' አልሁ። እስከ ላይኛው ሰፈር ጠራሁ።»

«ሄደው አይተው ነበር?»

«ምኑን?»

«ለቅሶ መሆኑን።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሠላሳ ዓመት ስጠራ ተሳስቼ አላውቅም። ወላሂ ነሲባ። ያልሞተ ሰው ጠርቼ አላውቅም። ያን ለት ለቅሶውን ስጠራ ግን አራጋው ነፍሱ አልወጣችም ነበር።»

 አብሽር፣ አይዞዎት አልኩት። እንዴት ያለ ባዶ ቃል ነው አንዳንዴ።

«ጻፊው» አለኝ። «እንዳለ ጻፊው። ስሜንም ጻፊ።» ጣቱን አተመ። ሃያ አንደኛ ምስክር ነው። ከሃያ አንዱ "እኔ ነኝ" ያለ እሱ ብቻ ነው።

መጋቢት 12፣ ረቡዕ

አዲስ ወሬ ተነሣ። ኡምኩልሱም ሱቅ ሳሙና ልገዛ ገብቼ ከራሷ ሰማሁ።

«እሳት ብትል ኖሮ ውኃ ይዘን እንወጣ ነበር። በዛች እኮ እሳት አላለችም። 'ልጄን' ነው ያለች።»

«ማን ሰማ?» አልኩ።

«ሁሉም ሰምቷል።»

ቤት ገብቼ ቅጾቹን በተራ አነበብኩ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ላይ ምን ብላ እንደ ጮኸች የሰማ አንድ ሰው የለም። ኡኡታ ሰማሁ ነው የሚሉት። ከሃያ አምስተኛው ወዲህ ግን ሁሉም ሰምቷል፣ ሁሉም "ልጄን" ብላለች ይላል። ሰው አይዋሽም፣ ይኸን አውቃለሁ። እርስ በርሱ ሲያወራ ሰነበተና የሰማ መሰለው። ወይስ ለራሱ እንዲቀለው?

እኔስ? ለኔ የሚቀለኝ የቱ ነው?

መጋቢት 14፣ ዓርብ

እትዬ በዛችን ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆይቻት ነበር። ከቃጠሎው የተረፈችው ማድ ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው። ሄድኩ። መደቡ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ቅጹን አይታ ቀድማ ጠየቀችኝ።

«እሳት አላለችም አሉ አይደል?»

«እርስዎ ምን አሉ?»

«እሳት ያልሁ ይመስለኛል። ሦስት ጊዜ። የሰው ያለህ ብያለሁ… እንጃ ልጄ። ሁሉም አላልሽም ካለ አላልሁም ይሆናል። አገር ሁሉ ይዋሻል እንዴ?»

ቀስ ብዬ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት።

«ነጠላ አዘቅዝቀው መጡ፣ እያለቀሱ። 'አልታየችን፣ አልታየችን' ይላሉ። እኔ እሳት ስል የነሱ ለቅሶ ዋጠኝ። እነሱ ስሟን ሲጠሩ እኔም ደነገጥሁ፣ ልጄም ሞታለች እንዴ አልሁ። ከዚያማ ምን እንዳልሁ አላውቀውም።»

ከዚያ ሌላ ነገር አለችኝ። አልታየች ከጂዳ ደውላ «እማዬ፣ እሳት ማለት አቃተሽ?» ብላታለች። ወሬው እዚያ ድረስ ደርሷል ማለት ነው።

«እኔ ነኝ የገደልሁት ማለት ነው» አለች። ድምፅዋ ላይ ለቅሶ የለም። የገበያ ዋጋ የምትነግረኝ ይመስላል። «ሦስት ዓመት አገላብጬ አጥቤ፣ አንድ ቃል አጥቼ ገደልሁት።»

ጻፍኩ። እጄ አላምር አለ። ጣቷን ካተመች በኋላ እየሸኘችኝ፦

«አንችስ ልጄ፣ ያን ጧት የት ነበርሽ?»

«ተኝቼ ነበር» አልኩ።

መጋቢት 15፣ ቅዳሜ

ተኝቼ አልነበረም።

መጋቢት 18፣ ማክሰኞ

አቶ ቢተው የሪፖርቱን ረቂቅ አስነበበኝ። የፊታችን ዓርብ ሳይሆን በሚቀጥለው፣ በሃያ ስምንት፣ አዳራሽ ውስጥ ለሰፈሩ ሰው ይነበባል። እትዬ በዛችም ትጠራለች።

ገጽ ሦስት ላይ፦ "ተጎጂዋ አደጋው እሳት መሆኑን ገልጻ ባለመጣራቷ በተፈጠረ የግንዛቤ ክፍተት የኅብረተሰቡ ምላሽ ሃያ ደቂቃ ዘግይቷል።"

የግንዛቤ ክፍተት። እትዬ በዛች ክፍተት ሆነች።

«እሷ ብያለሁ ትላለች» አልኩት።

«አንድ ሰው ናት። ሠላሳ ስድስቱ ምን ይላሉ?»

«ሰማን የሚሉት ወሬው ከወጣ በኋላ ነው።»

«ነሲባ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ሕዝቡ ያለውን ነው የምጽፈው። እሳት ስትል የሰማ አንድ ሰው አምጭልኝ፣ አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ።»

እስክሪብቶውን አንሥቶ ጠበቀኝ። የምሩን ነው የጠበቀኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

መጋቢት 20፣ ሐሙስ

እንግዲህ ልጻፈው። ይኸን ደብተር ከኔ ሌላ የሚያነብ የለም። ለደብተር መዋሸት ደግሞ ምን የሚሉት ነው…

ያን ጠዋት ሱብሒ ሰግጄ ተመልሼ አልጋ ውስጥ ገባሁ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። እትዬ በዛች ጮኸች። መጀመሪያ ቃል የለውም፣ ጩኸት ብቻ። መጡ አልኩ። ለጁማና መጡ። ሽማግሌዎች ሲመጡ አስቀድመው ለጎረቤት ነው የሚነግሩት፣ ጎረቤት እንዲይዝሽ። ለእትዬ በዛች ነግረዋት ነው የጮኸችው አልኩ። ጁማናን ከደላላው ጋር ያገናኘኋት እኔ ነኝ። «አንች ከቻልሽው እኔ ምን ይሳነኛል?» ስትለኝ እንዳልቻልኩት አልነገርኳትም። ያመጣሁትን ወርቅ ነበር ያሳየኋት።

ከዚያ ቃሉ መጣ። ጥርት ብሎ። "እሳት፣ እሳት ነው፣ የሰው ያለህ።" ሦስት ጊዜ።

አልሐምዱሊላህ አልኩ።

እሳት ነው፣ መርዶ አይደለም ብዬ አመሰገንኩ። ብርድ ልብሱን ነክሼ አለቀስኩ። በደስታ። የሰው ቤት እየነደደ በደስታ አለቀስኩ። ስንት ደቂቃ? አሥር? ከዚያ በላይ? ጥሩምባው ሲነፋ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። ስወጣ በሩ ላይ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ሞልቷል።

ሽባን አንድ ሰው ብቻውን ከአልጋ እንዴት እንደሚያወርደው አውቃለሁ። ሪያድ አራት ዓመት እንጀራዬ እሱ ነበር። አንሶላውን በብብቱ ሥር አሳልፈሽ፣ ጠቅልለሽ፣ ወደ ኋላ መጎተት ነው። ማንም ሳይመጣ እኔና እሷ እናወጣው ነበር።

ሠላሳ ሰባት ሰው ጠየቅኩ። እትዬ በዛችን ትተሽ ሠላሳ ስድስቱ ሌላ ነገር መስሏቸው ነው የዘገዩት። እሳት መሆኑን አውቄ የቀረሁ እኔ ብቻ ነኝ።

መጋቢት 21፣ ዓርብ

ነገርኳት።

ስገባ ምስር ትለቅማለች። አልተቀመጥኩም፣ ከተቀመጥኩ የምተወው መሰለኝ።

«እትዬ በዛች፣ እሳት ብለዋል። እኔ ሰምቻለሁ።»

እጇ ቆመ። «ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ። እሳት ነው፣ የሰው ያለህ ነው ያሉት። ሦስት ጊዜ።»

«ብያለሁ» አለች። ለኔ አይደለም የምትናገረው። «ብያለሁ። አራጋው፣ ብያለሁ።» ከዚያ እጄን ይዛ አገላብጣ ሳመችው። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ። እግዜር ይስጥሽ።»

እዚያ ላይ ልተወው ፈለግኩ። አልዋሽም፣ ፈለግኩ። እጄን ስማኝ ብወጣስ? ግን መጠየቋ አልቀረም።

«ታዲያ ምነው ቀረሽ?»

ሁሉንም ነገርኳት። አልሐምዱሊላህ ማለቴን ሳይቀር። እሱን ለምን ጨመርኩት? ባልጨምረው ምን ነበረበት? አሁንም አላውቅም። ሳልጨምረው የነገርኳት አይመስለኝም ነበር።

እጄን ለቀቀች። ምስሩን መልሳ ወደ ራሷ ሳበችና መልቀም ጀመረች። ጥቂት ቆምኩ። ቀና አላለችም። ወጣሁ።

መጋቢት 24፣ ሰኞ

«የሰማ ሰው አገኘሁ» አልኩት አቶ ቢተውን።

«ማን?»

«እኔ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። አሰባሳቢና መስካሪ አንድ ሰው ሊሆን አይችልም አለ፣ መመሪያው አይፈቅድም። እንግዲያው እርስዎ ይጠይቁኝ አልኩት። ትንሽ አሰበና ወንበሩን አስጠጋ፣ ባዶ ቅጽ አወጣ። ስም፣ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥር… የሚያውቀውን ሁሉ በተራ ጠየቀኝ። የቤት ቁጥሩ ላይ እስክሪብቶው ቆም አለና ቀጠለ። ሰባተኛው ላይ ደረሰ።

«የአደጋውን ጥሪ ሲሰሙ ምን አደረጉ?»

በአንቱታ ነው የጠየቀኝ፣ ቅጹ እንዲያ ስለሚል።

«አልጋዬ ውስጥ ቆየሁ።»

ጻፈው። ሲጨርስ በሩን ዘግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስምሽን ልተወው። 'አንድ የአካባቢው ነዋሪ' እለዋለሁ። ሰፈር ነው፣ ነገም ትኖሪበታለሽ። ኮንትራትሽንም ላራዝምልሽ አስቤ ነበር…»

«ጋሽ ሙሐሲን በስሙ ነው የሰጠው» አልኩ።

ገጽ ሦስትን አወጣና ዓረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘው።

መጋቢት 26፣ ረቡዕ

አጥሩ ላይ የእትዬ በዛች እጅ ብቅ አለ። ስልክ ይዟል። «ንገሪያት» አለችኝ። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ።

አልታየች ናት። «እማዬ እሳት ብላለች?»

«ብላለች።»

«አንች በጆሮሽ ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እና?»

ለእህቴ መርዶ የመጣ መሰለኝ፣ እሳት ሲሆን ደስ አለኝ፣ ከአልጋዬ አልወጣሁም አልኳት።  ከኋላዋ ዕቃ ሲንኳኳ፣ አንዲት ሴት በዐረብኛ ስትጣራ ይሰማል። ያንን አጠራር አውቀዋለሁ። አሁንም የምትጠራው እኔን መስሎኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«እህትሽ ጁማና አይደለች?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ። አይተሻት ታውቂያለሽ?»

«አላየኋትም። እማዬን ስጭኝ።»

ስልኩን በአጥሩ መለስኩ። ከአጥሩ ማዶ እትዬ በዛች ስታዳምጥ፣ ቀስ እያለች ስታለቅስ ሰማሁ። «እሺ ልጄ… እሺ… ይቅር ብየሻለሁ፣ ምን ታደርጊ» አለቻት።

ለሷ ነው ያለችው። ደስ ብሎኛል። እኔ ግን ድንጋዩን ይዤ ትንሽ ቆየሁ፣ ለኔም አንድ ነገር የምትል መስሎኝ።

መጋቢት 28፣ ዓርብ

አዳራሹ ሞላ። አቶ ቢተው ምስክርነቶቹን ከነስማቸው አነበበ። ስለ ኡምኩልሱም ጥቁር ሻሽ ሲነበብ ሰው ሳቀ። ስለ አብዱሰላም ጃኬት ሲነበብም ተሳቀ። አራተኛው፣ አምስተኛው ላይ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። አሥረኛው ላይ የሚስቅ የለም። ጋሽ ሙሐሲን የሱ ሲነበብ ተነሥቶ ቆመ፣ እስኪያልቅ አልተቀመጠም።

ሠላሳ ስምንተኛው የኔ ነው። ስሜ ሲጠራ ሁሉም ዞረ። ከፊት የተቀመጠችው እትዬ በዛች ብቻ አልዞረችም።

ከዚያ ወደ መፍትሔው ተገባ። ሦስት ቦታ የመኪና ቸርኬ ይሰቀላል፣ እሳት ሲነሣ እሱ ይመታል፣ ጥሩምባ ለሞት ብቻ ይሆናል ተባለ። ጋሽ ሙሐሲን «ብረቱን እኔ ልምታ። ጥሩምባውን ለሌላ ስጡ» አለ። ኡምኩልሱም እጇን አወጣች።

«ብረቱም ባይመታ፣ ጥሩምባውም ባይነፋ፣ ጩኸት ብቻ ብንሰማ ምን ይዘን እንውጣ?»

 አቶ ቢተው ወረቀቱን ቢያይ የለበትም። በመጨረሻ የመለሰችው እትዬ በዛች ናት፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ።

«ውኃ። ለቅሶም ቢሆን ውኃ አይጠላ።»

በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት። ስንወጣ ሰላም ያለኝ ጋሽ ሙሐሲን ብቻ ነው።

ሚያዝያ 2፣ ማክሰኞ

ኡምኩልሱም ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣልኝ ወደ ውስጥ ገባች። ወግ የምትወድ ሴት።

ሚያዝያ 7፣ እሑድ

የክርስቲያኖቹ ፋሲካ። በየዓመቱ እትዬ በዛች ለኔ በእስላም የታረደ ዶሮ ለብቻ አሠርታ በአጥሩ ትጠራኝ ነበር፣ «ነይ እንጅ አትኩሪ» እያለች። ዘንድሮ ሐዘን ላይ ናት፣ ምንም አልተሠራም። ከወዲያ መጥረጊያዋ ይሰማል። እኔም ግቢዬን ጠረግኩ። ጠርጌ ስጨርስ የሷም ቆመ። እንደገና ስጀምር ጀመረች። ወይ እየሰማችኝ ነው፣ ወይ እኔ እየተመኘሁ ነው።

ብቻዬን ስኖር ይኸ የመጀመሪያዬ አይደለም። ሪያድም ብቻዬን ነበርኩ። ግን እዚያ ማንም አያውቀኝም ነበር። ሁሉም እያወቀሽ ብቻ መሆን ሌላ ነው። አዘንኩ። ተጸጸትኩም? መናገሬን አይደለም። ያን ጠዋት ነው የምጸጸተው።

ሚያዝያ 12፣ ዓርብ

ቸርኬው ተሰቀለ። አስቀድሞ በድምፅ ማጉያ "ሙከራ ነው" ተባለና ጋሽ ሙሐሲን ሦስት ጊዜ መታው። ድምፁ ትልቅ ነው። ውሾቹ ሁሉ ጮኹ። ኮንትራቴ አልተራዘመም። አቶ ቢተው ከልቡ አዝኗል፣ ፊቱ ላይ አየሁት፤ ትእዛዙ ከላይ ነው አለኝ። ጁማና አልደወለችም።

ሚያዝያ 19፣ ዓርብ

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ተጮኸ።

ሱብሒ ሰግጄ ምንጣፉ ላይ ነበርኩ። ከታች፣ ከአብዱሰላም ቤት በኩል ነው። ብረቱ አልተመታም። ምን ብለው እንደሚጮኹ አልሰማሁም፣ ለመስማትም አልቆምኩም። ስነሣ የሰገድኩበት ሻሽ ከራሴ ወደቀ፣ አላነሣሁትም። ለጁማና ከሆነም መንገድ ላይ ያግኙኝ አልኩ። በሩ አጠገብ ያለውን ጀሪካን አንሥቼ ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ሰው ይሮጣል። ኡምኩልሱም ፀጉሯ ተገልጦ በሌሊት ልብሷ ባልዲ ታንጠለጥላለች፣ ግማሹ እግሯ ላይ ፈስሷል። የፊት መታጠቢያውን ሳህን ይዞ የወጣ አለ። ጥቁር የለበሰ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀ አንድ ሰው አላየሁም።

እሳት የለም። አብዱሰላም ግቢ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፣ በቅሎዎቻቸው አጥሩ ላይ ታስረዋል። ከከላላ ሲገሠግሡ አድረው ነው የመጡት። የሞቱት የአብዱሰላም እናት ናቸው፣ በዕድሜያቸው፣ በአልጋቸው። አብዱሰላም መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ዙሪያውን ሃያ የምንሆን ሰዎች ውኃ ይዘን ቆምን።

ቀና ብሎ አየን። ባልዲውን፣ ጀሪካኑን፣ ሳህኑን በተራ አየ። «ሁላችሁም መጣችሁ?» አለ። ከዚያ ይበልጥ አለቀሰ።

ከጎኔ የሰው ትንፋሽ ሰማሁ። እትዬ በዛች ናት፣ እንስራ ተሸክማ ሮጣ። በዚያ ዕድሜዋ። እንስራውን ማውረድ ሲያቅታት ያዝኩላት፣ አብረን አወረድነው። ቀና ስትል ራሴ ላይ ምንም እንዳልደረብኩ አየች። የራሷን ጥቁር የሐዘን ነጠላ አወለቀችና ራሴ ላይ ጣለችው።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

«መጣሽ።»

 እጄን ይዛ ወደ ውስጥ መራችኝ፣ ከሴቶቹ መካከል ቦታ ፈልጋ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። እስከ ቀትር እዚያው ነበርን።